የከተማችን ብቸኛ ተወላጅ

ከተማ ማለትስ የኛ ነው። ማታ ሜዳ ነው ብለው የተኙበት ጠዋት ፎቅ ሆኖ ይጠብቅዎታል። እኔና ባለቤቴ ጓዛችንን ጠቅልለን የገባን ሰሞን ይህ የዕድገት ግስጋሴ እንባዬን አምጥቶት ነበር። ሲሚንቶ ዓይኑ ገብቶ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ።

አንድ ጠዋት የግቢውን በር ብከፍት ግንብ ከአፍንጫዬ ጋር ተላተመ። ከቤታችን በሚያስወጣው ብቸኛ መንገድ ላይ አዲስ ጎረቤት አጥሩን ገንብቷል። መልካም ሰው ነው፤ በግንቡ አናት ብቅ ብሎ፣ "እንኳን አብሮ አኖረን!" አለኝ።

"አሜን ወንድሜ፣ መንገዱስ?"

"የቱ መንገድ?"

"የቆምክበት!"

ባለቤቴ ወሯ ገብቷል። ምጥ ቢመጣ መኪና በየት ይግባ? ጭንቅ ያዘኝ። ከዚሁ ከጎረቤቴ መሰላል ተውሼ፣ ግንቡን ዘልዬ፣ የነባር ነዋሪዎች ኮሚቴ ዘንድ ሮጥኩ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አቤቱታዎ ተገቢ ነው። ሆኖም መንገድ መኖሩን አንድ ነባር ነዋሪ ይመስክር።"

"በሰፈሩ ከኔ በፊት የገባ የለም።"

"ለራስ መመስከር ነውር ነው። ከርስዎ ቀጥሎስ?"

"ግንቡን የገነባው ሰውዬ።"

ተጠራና ቀኝ እጁን አንስቶ ማለ። "ከመጣሁ ጀምሮ እዚያ ቦታ መንገድ አይቼ አላውቅም።"

መቼም እውነት እውነት ነው።

"እርስዎስ ጌታዬ፣ አያውቁትም?" አልኳቸው ሰብሳቢውን።

"እኔ? የተመረጥኩት ትናንት፣ የገባሁት ከትናንት ወዲያ! እዚሁ የተወለደ ሰው ቢገኝማ ቃሉ ያለ ክርክር በጸና ነበር።"

ምጥ ቀጠሮ አያከብርም። በጠራራ ፀሐይ አምቡላንሱ ከግንቡ ማዶ ይጮኻል፣ ባለቤቴ ከግንቡ ወዲህ ትጮኻለች። የዚያን ዕለት ድንጋጤ ለጠላቴም አልመኘው። አዋላጇ ከማዶ የአሸዋ ክምር ላይ ወጥታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ በመሰላሉ ወረደች። ጎረቤቴ ከሥር መሰላሉን ይዞ፣ "አይዞሽ እህቴ፣ ግንቡ ጠንካራ ነው፣ ራሴ ነኝ ያሠራሁት" ይላል። አዋላጇ የመለሰችለትን እዚህ መጻፍ አይገባም። ተመስገን፣ ልጄ በደህና ተወለደ።

ኮሚቴው በዚያው ዕለት፣ አዋላጇ ገና ሳትሄድ፣ ተራ በተራ በመሰላሉ እየወረደ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊል መጣ። ጎረቤቴም አብሮ አለ። ልጄን ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

"ይኸው የከተማው ተወላጅ! ምስክሬ ይሰማልኝ!"

ሰብሳቢው ጎንበስ አሉ። "መንገድ አለ ወይስ የለም?"

ልጄ እሪ አለ።

"አለ እያለ ነው!" አልኩ።

"የለም እያለ ነው!" አለ ጎረቤቴ።

"ርቦት ነው!" አለች ባለቤቴ። የሷ ቃል ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም።

ሰብሳቢው ቀና ብለው ብይን ሰጡ። "የከተማችን ብቸኛ ተወላጅ ያለ መንገድ በሰላም መወለድ እንደሚቻል በገዛ ሕይወቱ መስክሯል። ስለሆነም መንገድ አያስፈልግም።"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከእንግዶቹ ያላጨበጨበችው አዋላጇ ብቻ ናት፤ ደጅ ወጣ ብላ፣ አንድ ነገር እየጎተተች ተመለሰች።

እንግዶቻችን ተሰናብተው ወጡ፤ ወዲያው ደግሞ ተመለሱ።

"መሰላሉስ?" አሉ ሰብሳቢው።

ሁለት የመሰላል እግር ከባለቤቴ አልጋ ሥር ወጥቶ እስከ በሩ ተዘርግቷል። እሷ ልጇን እያጠባች ቀና አለች።

"የቱ መሰላል? እኔ ከወለድኩ ጀምሮ እዚህ ቤት መሰላል አይቼ አላውቅም።"