ሰልፍ የተማረችው ልጅ

ሕክምና የተማረ ልጅ ያለው ሰፈር ደም ግፊቱን ያስለካል፤ ሕግ የተማረ ያለው ክስ ያስጽፋል። ኢንፎርሜሽን ሲስተም የተማረ ያለውስ? የተበላሸ ሪሞት ይዞ ይመጣል። ጎረቤቴ ፍሬወይኒ አራት ዓመት ሙሉ «እኔ የምማረው ሥራ እንዴት እንደሚሠራ አጥንቼ ለኮምፒውተር ማስረዳት ነው» ስትል ከረመች። ሪሞቱ ግን አልቀረም።

እኔ ገርጂ የቦሌ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነኝ። ከትምህርት ጋር ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተለያየን፤ ማን ማንን እንደተወ እስካሁን አልተጣራም። ታዲያ አንድ ቀን ፍሬ መጥታ «የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ያንተ ሰልፍ ነው፤ ዋናው አክተር አንተ ነህ» አትለኝም መሰላችሁ!

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ፀጉሬን ተስተካክዬ፣ የወንድሜን ጃኬት ተውሼ ሄድኩ። ካሜራ የለም። ላፕቶፗን አዞረችልኝ፦ አንድ ክብ ራስ፣ ጭረት እጅ፣ ጭረት እግር፤ ከሥሩ «ተራ አስከባሪ»። ለካ በእነሱ ቋንቋ አክተር ማለት ሲስተሙን የሚጠቀም ሰው ነው።

«አፍንጫ እንኳ የለኝም?»

«ለሲስተሙ አፍንጫህ ምን ያደርግለታል ባክህ!»

ቢሆንም ሰልፍ የሚያስተናግድ ሲስተም እንድትሠራ ስለ ተራ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ፕሮጀክቷን በመምህራን ፊት የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። ከወደቀች ምርቃቷ ለከርሞ ነው። እኔም ከኋላ ተቀመጥኩ። አንድ መነጽራም መምህር «አዛውንት ሲመጡ ሲስተምሽ ምን ያደርጋል?» አሏት። የፍሬ ዓይን እኔ ላይ። ሰልፍ ላይ እንደለመድኩት እጄን ወደ ፊት ወረወርኩ።

«ከፊት ያስገባቸዋል!» አለች።

መምህሩ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍሬ በደስታ የመጨረሻውን ገጽ አነበበች፦ «የሲስተሙ ጥቅም፦ ተራ አስከባሪ አያስፈልግም።»

አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ፣ አለፈች እኮ!

ከተመረቀች በኋላ አንድ ጠዋት፣ ሰልፉ ጥጉ ላይ ያለውን ፋርማሲ ዞሮ ሳለ፣ እያለከለከች መጣች። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ ቢሮ ለቅጥር ቃለ መጠይቅ ጠርቷታል።

«በናትህ፣ ከፊት አስገባኝ!»

«ሲስተምሽ ምን ይላል?»

«አንተ ደግሞ! ሲስተሙ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ካረፈድኩ ሥራው ያመልጠኛል።»

ወደ ሰልፈኛው ዞርኩ። «እናቶች፣ አባቶች፣ ይቺ ልጅ ሥራ ልትቀጠር ነው፤ እናሳልፋት?» እያጉረመረሙ ገለል አሉላት። እሷ የመጨረሻውን ወንበር ይዛ ታክሲው ሲነሳ፣ ከፊት የነበሩት ሴትዮ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ለመሆኑ ምንድን ነው የተማረችው?»

«ሰልፍ» አልኳቸው።