ባሕር የማይገባው የማዕበል ማኅበር

በሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የማዕበል ጀማሪዎች ማኅበር ከተመሠረተ ጀምሮ አንድም አባል ለባሕር አልገበረም። እንዲህ ያለ የደኅንነት ታሪክ ያለው የሰርፊንግ ማኅበር ሌላ አለ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከር። ምሥጢሩም ረቂቅ አይደለም፤ ከአባላቱ አንድም ሰው ባሕር ገብቶ አያውቅም።

ማኅበሩ የተወለደው ከስሂን አፍ ነው። ስሂን ላንግሊ ፓርክ የምትኖር፣ አርባ አምስትን ያለፈች የወሎ ልጅ ናት። ሥራዋ አረጋውያንን መንከባከብ ስለሆነ ከእሑድ እስከ ዓርብ ሰው ከአልጋ እያነሣች፣ በብብቱ ደግፋ እያቆመች ትውላለች። ባለፈው ሰመር ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ባሕር ዳር ወዳለችው ኦሽን ሲቲ ሄዳ፣ በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ሰርፍ ቦርድ በሚሉት ሰሌዳ ላይ ቆማ ከማዕበል ጋር ስትመጣ አየች። ልቧ እዚያው ቀረ። ዘንድሮ በአንድ የልጅ ምርቃት ድግስ ላይ ታዲያ አፏን አዳለጣትና፣ «ሰው ሳቆም ኖርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ እኔ ራሴ ውሃ ላይ ብቆም ምናለበት?» አለች።

ጋሽ ጀላልዲን ይህን ሰምተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ታክሲ ሲነዱ ስንት ማኅበር ያቋቋሙ አንጋፋ ናቸው።

«እህቴ ስሂን፣ ይሄማ በግል የሚገባበት ነገር አይደለም» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው። በማኅበር ነው እንጂ!»

ኬኩ ሳይቆረስ ሊቀመንበር፣ ምክትል፣ ጸሐፊና ኦዲተር ተመረጠ። ማኅተም ታዘዘ። ሐሳቡ የስሂን ስለነበር እሷም አልተረሳችም፤ የመስተንግዶ ክፍል ኃላፊ ሆና ሳምቡሳ እንድታመጣ በጭብጨባ ተወሰነ።

ስብሰባው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከአንድ ግሮሰሪ ጀርባ ባለች ክፍል ሆነ። ስሂን ከሳምንት እስከ ሳምንት የምታርፈው ቅዳሜን ብቻ ነው። መኪናም የላት፣ የማኅበሩ ቫን ተነሥቶ እስኪወስዳት ትጠብቃለች። ከአናት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የዋና ልብስ ገዝታ፣ በየሳምንቱ ከሳምቡሳው ሥር አጣጥፋ ይዛ ትመጣለች፤ አጣጥፋ ትመለሳለች።

ቫኑ ያልተነሣበት ምክንያት ታላቅ ነበር። ጋሽ ጀላልዲን ስልካቸው ላይ አንድ የማዕበል ትንበያ አፕ ጭነዋል። ምክትላቸው አቶ አለማየሁ ደግሞ ሌላ።

«የማዕበሉ ቁመት ሁለት ጫማ ነው፤ ለጀማሪ ምቹ ይላል» አሉ ጋሽ ጀላልዲን።

«የኔ ሦስት ይላል። ለጀማሪ ጥንቃቄ!» አሉ አቶ አለማየሁ። «የኔ ደሞ በየወሩ የሚከፈልበት ነው።»

«የኔ ነፃ ነው። እውነት በገንዘብ አይሸጥም!»

በነጋታው ማኅበሩ በወጉ መሠረት ለሁለት ተከፈለ። ባለ ሁለት ጫማዎቹ በቴሌግራም ራሳቸውን «ዋናው ማኅበር» ሲሉ፣ ባለ ሦስቶቹ «እውነተኛው ዋናው ማኅበር» አሉ። ሰላምታ ተቋረጠ። ከግሪንቤልት ድረስ ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ሽማግሌዎቹም የሁለቱንም ወገን ክብር በሚጠብቅ ጥበብ ማዕበሉ ሁለት ጫማ ተኩል እንዲሆን ፈረዱ። ታራቂዎቹ ተቃቅፈው አለቀሱ። ውሳኔው በማኅተም ወጥቶ ለሚመለከተው ሁሉ ተላከ፤ ለአትላንቲክ ውቅያኖስ ብቻ ግልባጭ አልተደረገለትም።

ጁላይ በዚህ አለፈ። ኦገስትም በማስታወቂያ አለቀ ማለት ይቻላል። አንድ ቅዳሜ ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ስለሚነፍስ ጉዞው ተላለፈ። በሌላው ቅዳሜ ደግሞ «ማዕበሉ ለጀማሪ እጅግ ተስማሚ ሆኖ ስለተገኘ፣ አባላት ተረጋግተው እንዲወያዩበት ጉዞው ተላልፏል» ተባለ።

በመጨረሻ አንድ ጉደኛ ቅዳሜ መጣ። ሁለቱም አፖች ሁለት ጫማ አሉ። ነፋሱ ቀላል፣ ውሃው ሙቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። ስሂን ሳምቡሳውን ተሸክማ ስትገባ ቤቱ በስብሰባ ተጨንቋል።

«ሁለቱም አንድ ነገር ካሉ» አሉ አቶ አለማየሁ፣ «አንዱ ካንዱ ኮፒ አድርጓል ማለት ነው። ይጣራ!»

«እደግፋለሁ» አሉ ጋሽ ጀላልዲን።

«ጋሼ» አለች ስሂን በትሕትና፣ «ዛሬ ሄደን በዓይናችን ብናየውስ?»

ሁሉም ከስልኩ ቀና አለ።

«በዓይን?» አሉ ጋሽ ጀላልዲን። «ልጄ፣ ትንበያ እያለ በዓይን ማየት ምን ይባላል? ደግሞ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ፤ እንዲህ ሲመቻች ነው መፍራት። ይልቅ ያንን ሳምቡሳ ወዲህ በይ።»

ስሂን ሳምቡሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከሥሩ የዋና ልብሷን መዝዛ ወጣች። ደጅ ላይ እንባዋ መጣ፤ ሰመሩ ሊያልቅ ነው፣ ሌላ ቅዳሜ እንዲህ ያለ አየር ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? አብራት ለምትሠራው ለዛኪያ ኮል አደረገች።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አለች ዛኪያ። «መኪና አለኝ፣ ኦፍ ነኝ። መጣሁ፣ ጠብቂኝ!»

ኦሽን ሲቲ ሲደርሱ ባሕሩ ትንበያ የሰማም አይመስል። አሸዋው ለስላሳ፣ ማዕበሉ ልዝብ ነው። ስሂን ቦርድ ተከራይታ ገባች። ወደቀች። «ውይ እናቴ!» ብላ ጨው እየተፋች ተነሣች፤ ደግማ ወደቀች። ዛኪያ አሸዋው ላይ ቆማ በስልኳ ትቀርፃለች፣ ትስቃለች። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ግድም አንዲት ማዕበል ከኋላ ገፋ አደረገቻት፣ ስሂን በእጇ ተመርኩዛ ተነሣች፣ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ቆመች።

«ዛኪያ! ቆምኩ! ቆምኩ እኮ!»

ደስ አላት፤ እንደ ልጅ ደስ አላት። ስትወድቅም እየሳቀች ነበር።

ቪዲዮው የማኅበሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በወጣ ማግስት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ስሂን መሀል ቆመች።

«ማዕበሉ ስንት ጫማ ነበር?» ተብላ ተጠየቀች።

«እኔ እንጃ» አለች። «እዚህ ድረስ ነው» ብላ ጉልበቷን ነካች።

«ሁለት!» አሉ ጋሽ ጀላልዲን።

«ጉልበቷ ታጥፎ ነበር!» አሉ አቶ አለማየሁ። «ሲዘረጋ ሦስት ነው!»

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ያለ ፈቃድ መቆም ከባድ ጥፋት ነው። ይሁን እንጂ ማኅበሩ መሐሪ ስለሆነ፣ ስሂን በጥፋቷ ምትክ የማዕበል አጣሪ ኮሚቴ ሊቀመንበር እንድትሆን ተሾመች። ቅዳሜ ቅዳሜ ልትሰበስብ ነው እንግዲህ፣ ከነሳምቡሳው።

ስሂን አቀርቅራ «እሺ» አለች። እንዲህ ያለ ታዛዥ ሊቀመንበር ታይቶ አይታወቅም። ወዲያው የመጀመሪያውን ስብሰባ ጠራች፤ ቦታው ኦሽን ሲቲ፣ ውሃው ወገብ የሚደርስበት ላይ፣ ሰዓቱ ከፈጅር ሶላት በኋላ ፀሐይ ስትወጣ። ከአባላት የተገኘችው ራሷ ብቻ ነበረች፤ በመኪናዋ ያደረሰቻት ዛኪያ አባል አይደለችም። «ማዕበል መጣ» የሚለው አጀንዳ ቀረበ፤ ያለ ተቃውሞ፣ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ቀጣዩም መጣ፣ እሱም ጸደቀ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት አባላት ባዶ ጠረጴዛ ከበው እስከ ማታ ጠበቋት። የዓመቱ ሪፖርት ሲነበብ ጋሽ ጀላልዲን ድምፃቸው በሐዘን ተሰበረ፤ ያ ንጹሕ የደኅንነት ታሪክ ጎደፈ።

«አንዲት ውድ አባላችንን» አሉ፣ «ውሃ እያሳሳቀ ወስዷታል። ከነሳምቡሳዋ።»