ጋሽ ማኅተም ስለ ወንፊት ያደረጉት ዘመቻ

በዘመነ ማሊያ፣ ማሊያው በተገዛ በስድስተኛው፣ ቀለሙ በለቀቀ በሦስተኛው ዓመት፣ የማዕበል ቡድን ሰባት ለባዶ በተረታ በሁለተኛው ቀን፣ ዕለቱም ማክሰኞ ነበረ፣ ጸሐፌ ቡድን፣ ዐቃቤ ማኅተም፣ ባለ ሁለት መነጽር፣ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ጋሽ ማኅተም፣ ከልብስ ስፌት ቤቱ ጀርባ ባለችው ጽሕፈት ቤታቸው፣ አንድ እግሩ በካርቶን በተደገፈ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠው ሳሉ፣ አንድ ባለ ሞተር ሳይክል መጥቶ ደብዳቤ ሰጣቸው። ቡድኑም ከተመሠረተ ጀምሮ ከማንም ደብዳቤ ደርሶት አያውቅም ነበርና ደስታቸው እጅግ በዛ።

ቡድኑ አንድ ማኅተም ብቻ ነበረው፤ እርሱም «ተስማምተናል» ይላል። ባስቀረጹት ጊዜ ሌላ ቃል ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ባለ ሞተሩም ደብዳቤው ስለ መድረሱ በግልባጩ ላይ ማኅተም እንዲያርፍበት ቢለምን፣ ጋሽ ማኅተም ተነሥተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ ብለው አሳረፉበት። ባለ ሞተሩም ሄደ፤ እርሳቸውም ከዚህ በኋላ አነበቡት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ስለዚህ ቀን ነው።

ደብዳቤው የተላከው ከወንፊት ፋብሪካ ነበረ። ፋብሪካው ስፖንሰር ሊሆን፣ ቡድኑንም ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ሊያለብስ ቃል ይገባል፤ በምላሹም በእያንዳንዱ ተጫዋች ደረት ላይ «ወንፊት» የሚል ቃል፣ ከሩቅ እንዲነበብ ሆኖ፣ ይጻፋል ይላል። ለሌላ ቡድን ይህ ምንም አይደለም። ነገር ግን የማዕበል ዐቃቤ መረብ፣ ሰባቱን ያሳለፈው በረኛ፣ የጋሽ ማኅተም የበኩር ልጅ ነበረ፤ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ቧንቧ ሲደፍን ሰንብቶ እሁድ የራሱ በር የሚያፈስበት የቧንቧ ሠራተኛ። ወሬውም በደረሰው ጊዜ ክፍሉን ዘግቶ፣ ከበሩ ጀርባ ሆኖ ይህን አዋጅ አስነገረ፦

«አባዬ፣ እሁድ ሜዳው ሙሉ ወንፊት ሲለኝ ነው የዋለው። ያንን ደረቴ ላይ ለጥፌ አልቆምም። ጓንቱን ለፈለጋችሁት ስጡ፣ እኔ ቧንቧዬን እሠራለሁ።»

በዚያም ሳምንት የሊጉ ጽሕፈት ቤት፣ የማሊያው ቁጥር የማይነበብ ቡድን ቅዳሜ ሜዳ እንዳይገባ፣ ከውድድርም እንዲሰረዝ አውጆ ነበር። በማዕበል ማሊያ ላይ ደግሞ ሦስትና ስምንት ከተመሳሰሉ ቆይተዋል። ስለዚህ ያለ ወንፊት ቡድን የለም፤ ወንፊት ከተጻፈ በረኛ የለም፤ ሁለተኛ በረኛማ ድሮም አልነበረም። ጋሽ ማኅተምን ያንገበገባቸው ግን ይህ ብቻ አይደለም፤ በገዛ ልጃቸው ስድብ ላይ «ተስማምተናል» ብለው በእጃቸው ማተማቸው ነው። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ረቡዕ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ሦስት ሰዓትም ከመከረ በኋላ ነገሩ እንዲታሰብበት ወስኖ ተበተነ። ሐሙስ ግን ጋሽ ማኅተም ማኅተማቸውን በደረት ኪሳቸው ይዘው ወደ ፋብሪካው ዘመቱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ፀጉር አስተካካዩ አምበል መቀሱን ሳያስቀምጥ፤ አሰልጣኙ ፊሽካው ባንገቱ፤ ልብስ ሰፊው አሮጌውን ማሊያ ለምስክርነት ተሸክሞ፤ ከበሮ መቺው፣ ከበሮውን ሚስቱ ስለ ደበቀችበት፣ ባዶ እጁን፤ እንዲሁም የማን እንደሆነ የማይታወቅ ውሻ። አውቶቡሱ ሞልቶ ነበርና የሠራዊቱ እኩሌታ ከነውሻው በፌርማታው ቀረ።

በፋብሪካውም የሽቦው ጩኸት ጆሮ ይበሳ ነበር። ባለቤቲቱ በሰማያዊ ካፖርት ወጥታ ተቀበለቻቸውና በማኅተሙ ተማምና ሥራውን መጨረሷን አሳየቻቸው፤ ማሊያዎቹ በገመድ ላይ ተሰጥተው ሁሉም ወንፊት፣ ወንፊት፣ ወንፊት ይላሉ። ጨርቁ ስለ ዘገየ ያልተጻፈበት አንድ ብቻ ነበረ፤ እርሱም ቢጫው፣ የበረኛው። ጋሽ ማኅተምም አንገታቸውን በደፉ ጊዜ የወንፊቶቹን ካርቶን አዩ፤ በካርቶኑም ላይ «ጠጠር አያሳልፍም» የሚል ነበረ። መነጽራቸውን ለውጠው ደግመው አነበቡት፤ በቢጫውም ላይ ይኸው እንዲጻፍ፣ የመምህርነት ዘመናቸውን ሁሉ ባልለመኑበት ድምፅ ለመኑ። ባለቤቲቱም አወጀች፦

«ወንፊት ማለት የሚያሳልፈውንም የማያሳልፈውንም የሚያውቅ ነው። ሁለቱም የእኛው ነው፤ ለበረኛው ይጻፍለት።»

ጋሽ ማኅተምም ውሉን ሁለት ጊዜ አንብበው አተሙ።

ቅዳሜም ልጁ ቢጫውን ለበሰ፤ ለምን እንደ ለበሰው ለማንም አልተናገረም። በሰባኛው ደቂቃ ለተጋጣሚ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ መቺውም እንደ በር የሰፋ ሥጋ ሻጭ ነበረ። ልጁ ሁልጊዜ ወደ ግራ የሚወድቅ ሲሆን፣ በዚህች ሰዓት ግን አባቱን ከአጥሩ አጠገብ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ስላያቸው መውደቁን ረስቶ ቆመ። ኳሷም መጥታ ደረቱን መታችውና ተመለሰች፤ ክብ የጭቃ ምልክትም «አያሳልፍም» በሚለው ላይ ቀረ። ቀጥሎም የተጋጣሚ ደጋፊዎች በአንድ ድምፅ «ጠጠር ነበረች!» ብለው አወጁ፤ ጋሽ ማኅተምም እጃቸውን ከዓይናቸው አነሡ።

እናቱ ማሊያውን በሳፋ ልትነክር ብትል ልጁ እንዳይታጠብ ከለከለ። ሰኞ ማለዳም የሚቀጥለውን ጨዋታ ስም ዝርዝር ይዞ ከአባቱ ጠረጴዛ ፊት ቆመ፤ ስሙን በረኛ ከሚለው ፊት ራሱ ጽፎት ነበር። ጋሽ ማኅተም መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ጠርገውም ስላልበቃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚህም በኋላ ማኅተሙን እፍ ብለው «ተስማምተናል» አሉ።

እነሆ የጸሐፌ ቡድን፣ የወንፊት ድል አድራጊ፣ የበረኛው አባት የጋሽ ማኅተም ገድል ይህ ነው፤ ስማቸው ከደጅ እስከ ፌርማታ የገነነ ይሁን። በዚያ ቅዳሜ በልጃቸው በር ገቡ ስለሚባሉት አራት ጎሎች የሚጠይቅ ቢኖር፣ ይህ መዝገብ ጠጠር አያሳልፍም።