ተጫወት ሲሉኝ

«ተጫወት እንጂ» የሚለኝ ሰው ያደክመኛል። ክፋት የለውም፣ አውቃለሁ። እንግዳ ሆነህ ሰው ቤት ትገባለህ፣ ወንበር ይሰጥሃል፣ ዝም ስትል ባለቤቱ ይጨነቅና «ምነው፣ ተጫወት እንጂ» ይልሃል። አውራ፣ ቤትህ ነው ማለቱ ነው። ሌላው ሰው ደስ ይለዋል። እኔ ግን ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ወገቤን ይይዘኛል። ለምን አትሉኝም? እሱን ለመናገር ትንሽ ወደኋላ መሄድ አለብን። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ?

ያኔ ወላይታ ሶዶ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ፣ «አይቲ» ተብዬ በኮንትራት ተቀጥሬ። አይቲ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፕሪንተር ውስጥ የተሰነቀረ ወረቀት መጎተት ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ የኃላፊውን ልጅ የልደት ፎቶ ወደ ፍላሽ መገልበጥ። ኮድ የሚባለውን ነገር ከተመረቅሁ ወዲህ በህልሜም አላየሁትም። ስሜ ራሱ ጠፍቶ ነበር፤ «ያንን ፕሪንተር ጥሩት» ነበር የሚሉኝ።

በዚህ መሃል ማርታን ወደድኩ። የጉኑኖ ልጅ ናት፣ ሶዶ ላይ ታስተምራለች። እሷም ወደደችኝ። ምኔን እንደወደደች እስካሁን አልጠየቅኋትም፤ ቆም ብላ እንዳታስብ። ችግሩ አባቷ ነበሩ። ጋሽ አንጁሎ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው የሚነገረው ወላይትኛ ነው፤ ሲቆጡ ግን ክፍል ውስጥ የቆሙ ይመስል ወደ አማርኛ ይዞራሉ። አጎቴን ዳናን ሽማግሌ አድርጌ ላክሁት። ያቀረቡለትን ቦይና፣ የኛን ሥራ ሥር፣ በዳታ በርበሬ አጣጥሞ ተመለሰና «በወላይትኛ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰ» አለኝ። ገባኝ። ለኮንትራት ሠራተኛ ልጄን አልሰጥም፣ ቋሚ ሥራ ያግኝ፣ እስከ ጊፋታ እጠብቀዋለሁ ብለዋል። ጊፋታ የኛ ዘመን መለወጫ ነው፣ መስከረም ላይ። ክረምቱ ደግሞ ገብቷል። ሌላም ጠያቂ ነበር፤ ቦምቤ ከተማ የሚሠራ ጤና መኮንን፣ ቋሚ፣ ያውም ባለ ሞተር ሳይክል።

እንግዲህ ሥራ መፈለግ ጀመርኩ። አዲስ አበባ የስልክ ጌም የሚሠራ አዲስ ድርጅት ፕሮግራመር ይፈልጋል የሚል ማስታወቂያ አየሁ። አመለከትኩ። ለቃለ መጠይቅ ተዘጋጅ አሉኝ። ጌም ተጫውቼ አውቃለሁ? አላውቅም። እናቴ ጆተኒ ቤት በር ላይ እንኳ አታስቆመኝም ነበር። ግን የሚጠይቁት ስለ ፕሮግራም ነው ብዬ አሰብኩ። ማን ጨዋታ ይጠይቃል?

ዝግጅቱ ገደለኝ። ኢንተርኔት ላይ የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎች ሰብስቤ አነብ ጀመር። አንዱ «ሚኒባስ ውስጥ ስንት የቴኒስ ኳስ ይገባል?» ይላል። ይህን የጠየቀ ሰው ከሶዶ ሻንቶ ሄዶ አያውቅም። ሚኒባስ ሞልቶ ያውቃል እንዴ? በሩ አልዘጋ ብሎ፣ ግማሻችን በአንድ እግራችን ቆመን፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ይቀራል!» ነው የሚለው። ስለዚህ መልሱን «ምንጊዜም አንድ ይቀራል» ብዬ ጻፍኩ። አሁንም ትክክል ይመስለኛል።

ከሁሉ የባሰው «ዛፍ» የሚሉት ነው። ኮምፒውተር መረጃ የሚደረድርበት መንገድ ነው። ከላይ አንድ ክብ፣ ከሥሩ ሁለት፣ ከእያንዳንዱ ሥር ደግሞ ሁለት ሁለት እያለ ይወርዳል። በየክቡ ቁጥር ይጻፋል። ቃለ መጠይቁ ላይ ሰሌዳ ፊት አቁመው ያስሉሃል ስለተባለ፣ በምሳ ሰዓት የስብሰባ አዳራሽ ገብቼ ከሥልጠና በተረፈ ፍሊፕ ቻርት ላይ ሳልኩት። አንዳንዱን ክብ ማጥፋትም እለማመድ ስለነበር ኤክስ አደረግሁበት። ከዚያ ፕሪንተር ተሰነቀረ ብለው ጠሩኝና ትቼው ወጣሁ።

አያችሁ፣ ያ ዘመን የቢፒአር፣ የመዋቅር ለውጥ ዘመን ነበር። አንዱን መዋቅር ለምደን ሳንጨርስ ሌላው ይመጣል። ስመለስ ግማሹ መሥሪያ ቤት ፍሊፕ ቻርቱ ፊት ቆሟል። የመዝገብ ቤቷ እትዬ አልማዝ እጄን ያዙና «ልጄ፣ ይሄ የተሰረዘው መዝገብ ቤት ነው?» አሉኝ፣ እንባቸው መጥቶ። ኧረ አይደለም፣ አልጎሪዝም ነው አልኳቸው። «እሱ ደሞ ከክልል የመጣ ነው?» አሉ።

ቢሮዬ ሳልደርስ የሥራ ሂደት መሪያችን ጠሩኝ። በሩን ራሳቸው ዘጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔን የት አደረጉኝ?» አሉ። ጌታዬ፣ እዚያ ላይ ሰው የለም አልኳቸው። ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ሁላችንንም?» አሉ። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ባስረዳሁ ቁጥር የበለጠ ፈሩኝ። ሰላምታዬ ራሱ ተለወጠ፤ ከፕሪንተር ተነስቼ «ኢንጂነር» ሆንኩ። ክረምቱን በሙሉ ሰው ወደ ላይኛው ክብ አውጣኝ እያለ ሲያባብለኝ ከረመ። ማጥናት አይደለም መተንፈሻ አጣሁ።

አጎቴ ደግሞ የራሱን ጨመረበት። ደስ ብሎት ጉኑኖ ሄዶ፣ ልጁ ትልቅ ሥራ ሊይዝ ነው ብሎ ተናገረ። ምን ሥራ ቢሉት፣ «ጌም» የሚለውን በወላይትኛ ሲመልሰው ጨዋታ ሆኖ ወጣ። ጋሽ አንጁሎ ጆተኒ ነው እንዴ ብለው ጠየቁ። አይደለም፣ በስልክ ነው አላቸው። ቁማር ነዋ! አሉ። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞሩ። «ጨዋታ የሚችል ሰው ቤት አይችልም!» ብለው ተነሱ። እንግዲህ ሥራውን ባገኝ ተጫዋች ነኝ፣ ባላገኝ ኮንትራት ነኝ። ማርታ ግን ጨክና «አንተ ብቻ የቋሚነት ደብዳቤውን አምጣ፣ አባቴን ለኔ ተወው» አለችኝ። በዚህች ቃል ነው አውቶቡስ የተሳፈርኩት።

አዲስ አበባ አንዲት ወጣት ሴትና አንድ ባለ መነጽር ሰው ተቀበሉኝ። ደካማ ጎንህ ምንድነው አሉኝ። ይህንንስ አውቀዋለሁ! እኛ መሥሪያ ቤት ግምገማ ላይ ሁሌም የምንባለው ነው። ቀጥ ብዬ ተቀምጬ «የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ አልፎ አልፎ ይታይብኛል፣ ለማረም ቁርጠኛ ነኝ» አልኩ። ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ሴትየዋ «ጨዋታ አዋቂ ነህ!» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ወደዱኝ ማለት ነው። ሻይ መጣ። ከሻይው ጎን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ ወንበሯን ወደኋላ ገፋ አድርጋ፣ ፈገግ ብላ «በል እስቲ ተጫወት» አለች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኛ አገር ተጫወት ተብሎ ዝም የሚል ሰው ኩሩ ነው። ተጫወትኩ! ስለ መንገዱ ጀመርኩ። ስለ ዳሞታ ተራራ ጭጋግ፣ ስለ ሻንቶው ሚኒባስ፣ ስለ እትዬ አልማዝ እንባ አወራሁ። ባለ መነጽሩ አንዴ እኔን አንዴ ስልኩን ያያል። እሷ መሃል ላይ «አትጫወትም እንዴ?» አለችኝ። አነሰ ማለቷ ነው ብዬ አጎቴን ጨመርኩላት። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም የሚሉት እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ ሰውየው ሰዓቱ አልቋል አለና ስልኩን አነሳው። አሻግሬ አየሁ። ስክሪኑ ላይ አንድ ትንሽ ሰውዬ፣ ጀርባው ላይ ቦርሳ አዝሎ፣ ከመነሻው ሳይነቃነቅ ቆሟል። ለካ ጌሙን ተጫውቼ የተበላሸውን እንድነግራቸው ነበር! ያ ሁሉ ዛፍ፣ ያ ሁሉ ክብ፣ አንዱንም አልጠየቁኝም።

ከተመለስኩ በኋላ ሴትየዋ ደወለች። ሰው ጥሩ ነህ፣ ግን ጨዋታ አትችልም፣ የኛ ሥራ ደግሞ ጨዋታ ነው አለችኝ። ከፋኝ። ለሥራው አይደለም፣ ለማርታ ነው የከፋኝ። ስነግራት የተማሪዎቿን ደብተር ማረሟን ቀጠለች፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አጎቴን፣ ሂድና ቁርጡን ተናገር፣ ሽማግሌውን አናድክማቸው አልኩት።

አጎቴ መዋሸት አይችልም። ጉኑኖ ገብቶ፣ ልጁ ጨዋታ አይችልም ተብሎ ተመለሰ፣ ፈተናውን ወድቋል አለ። ጋሽ አንጁሎ ማን ነው ያለው ብለው ጠየቁ። ባለሙያዎቹ፣ አዲስ አበባ አስቀምጠው ፈትነውት አላቸው። እንዴት አድርገው ፈተኑት ቢሉት፣ የሰማውን እንዳለ ነገራቸው፤ ሻይ ሰጥተው፣ ስልኩን ከፊቱ አኑረው፣ ተጫወት ተጫወት እያሉ ቢለምኑት ልጁ በጣቱ እንኳ አልነካውም።

ጋሽ አንጁሎ ወንበራቸውን ወደሱ አስጠጉ አለኝ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቆጡ በአማርኛ ተናገሩ። «ዳና፣ አንተ ወደቀ ትላለህ? ከፊቱ አኑረው፣ እየለመኑት ካልነካ፣ ፈተናን ማለፍ ማለት ሌላ ምንድነው?» የኮንትራቱን ነገር ከዚያ በኋላ ያነሳ የለም። የጤና መኮንኑ ሞተር ግን ጆተኒ ቤት በር ላይ ቆሞ ታይቷል ተባለ። ማን እንዳየው አልጠየቅሁም።

ከጊፋታ በኋላ ተጋባን። ሰው በችሎታው ያድጋል ይላሉ፤ እኔ ባለመቻሌ ነው የተዳርኩት። ፕሪንተሩ አሁንም ይሰነቀራል፣ እኔም አሁንም ኮንትራት ነኝ። እሑድ እሑድ ጉኑኖ እንሄዳለን። ሳምንቱን ወረቀት ስጎትት ከርሜ፣ ደክሞኝ ዝም ብዬ ስቀመጥ፣ ጋሽ አንጁሎ ትከሻዬን መታ ያደርጉና «ልጄ፣ ምነው፣ ተጫወት እንጂ» ይሉኛል። እኔ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ስልክ አለ ወይ ብዬ አያለሁ።