የከበሮ ጌታ ውበቱ ከሐላዋ ጋር የተዋጉበት ዜና

ቀበቶአቸው መጨረሻው ቀዳዳ ላይ በነገሠ በአራተኛው ዓመት፣ ይኸውም በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በወንጌላዊው በሉቃስ ዘመን፣ በኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ጎዳና የሚኖሩ፣ በታልፒዮት መጋዘን ካርቶን የሚደረድሩ፣ ድምፃቸው ነጎድጓድ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሆዳቸው ከራሳቸው ቀድሞ ደጅ የሚደርስ፣ የከበሮ ጌታ አቶ ውበቱ ያደረጉትን ታላቅ ሥራ እንጽፋለን። ሳይጻፍ ቢቀር ቀለሙም ብራናውም ይታዘበናል።

ንግባኬ ኀበ ጥንተ ነገር፤ ወደ ነገሩ መጀመሪያ እንመለስ። በጥር ማርያም፣ በክቡ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ አቶ ውበቱ ከበሮውን አንግተው ሲያሸበሽቡ፣ እልልታውም ሲቀልጥ፣ ሆድ ወደ ፊት ጠፍር ወደ ኋላ ተጓተቱ፤ ሆድም ድል ነሣ። ጠፍሩ ተበጠሰ፤ ከበሮው ምእመናኑን በቀኝና በግራ እየከፈለ ተንከባለለና ከሰልፉ ጭራ በቆመው በጎልማሳው በአወቀ እግር ሥር ዐረፈ፤ አወቀም አንሥቶ ምቱን ሳያጓድል ቀጠለ። የመዘምራኑ አለቃ መሪጌታ ይርጋለምም እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦ «ስሙ! ጠፍሩ ይጠገናል እንጂ አይረዝምም። በቀዳም ሥዑር በዴር ሡልጣን ለውበቱ ከገጠማቸው ከበሮው የእርሳቸው ነው፤ ካልገጠማቸው ለአወቀ ይሆናል!»

አቶ ውበቱ ይህን ሰምተው ራት አልበላም አሉ፤ በሉ እንጂ። ነገር ግን ከጎንደር ወጥተው ኢየሩሳሌም ከገቡ ጀምሮ ያለዚያ ከበሮ ፋሲካን አክብረው አያውቁምና፣ ከአጨብጫቢዎች ጎን ባዶ እጃቸውን ሲቆሙ በታያቸው ጊዜ ጉርሻውን ወደ መሶቡ መለሱ፤ እንባቸውም መጣ።

ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ግን፣ ጾም ሥጋን ያደክማልና፣ ሆዴ ዘመኑ አለቀ ብለው ደስ አላቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳይቀምሱ ይውላሉ። ከዘጠኝ በኋላስ? ኢየሩሳሌም ለጿሚ ሆዳም የተጠመደች ወጥመድ መሆኗን ማን በነገራቸው! ከሽምብራ የሚጠበሰው ፈላፍል ጾም ነው፤ ከሽምብራ የሚፈጨው ሑሙስ ጾም ነው፤ በዘይት የተጠበሰ ድንች ጾም ነው፤ በማሐኔ ይሁዳ ገበያ እንደ ጥርብ ድንጋይ ተቆልሎ የሚሸጠው የሰሊጥና የስኳር ጣፋጭ፣ ሐላዋማ፣ የጾም ምግብ ሁሉ ንጉሥ ነው። ወተት የለበት፣ ቅቤ የለበት፤ እርሳቸውም ሕግ አክባሪ ናቸውና አንዱንም አላስቀየሙም። በደብረ ዘይት እሑድ ቀበቶው ከመጨረሻው ቀዳዳ አልደርስም ብሎ ዐመፀ። ጾመው ወፈሩ!

ያን ጊዜ ባለቤታቸው ወይዘሮ ልቅናሽ፣ የጓዳው እቴጌ፣ ከምድጃው አጠገብ ቆመው አወጁ፦ «ጾሙ ለነፍስዎ ይሁን፤ ሆድዎን ግን ከዛሬ ጀምሮ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ሐላዋ ከዚህ ደጅ አይግባ! ታልፒዮትም በእግርዎ ይሂዱ፤ አውቶቡሱ ቢቆምልዎት እንኳ ፊትዎን ያዙሩ!»

በእግራቸውም ዘመቱ፤ ጉልበቶቻቸውም ተራ በተራ አቤቱታ እያቀረቡ ተከተሉ። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፤ ሥርዓት ነው። ካርቶን እንዳይመታ የከለከለ ግን የለምና፣ ሥራ ቆሞ ሀፍሳካ የሚሉት ዕረፍት በሆነ ጊዜ ባዶ ካርቶን በገመድ አንግተው በመደርደሪያዎቹ መካከል ያሸበሽቡ ጀመር። ዕቃ ማንሻ የሚነዳው ኦሬን መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ትከሻው ተነቃነቀ፤ በሳምንቱ ከኋላቸው ተሰለፈ። የመጋዘኑ ገዢ ማልካም፣ ወገቧን ያማት የነበረች፣ አወጀች፦ «በዚህ መጋዘን ተቀምጦ ቡሬካስ የሚበላ አይኑር! ሁሉም ከውበቱ ኋላ ይግባ!» ገቡም፤ ሚዛን ያዡ፣ ጫኙ፣ አውራጁ፣ ዘበኛውም ከነውሻው።

በቀዳም ሥዑር ምሽት፣ ከዓርብ ጀምሮ አክፍለው፣ ሆዳቸው ጀርባቸውን ሊስም ደርሶ፣ ወደ ዴር ሡልጣን ሰገነት ወጡ። ጠፍሩ ቀረበ። ገጠመ! ተርፎም እጅ አስገባ! ልቅናሽ እልል አሉ፤ አቶ ውበቱም ከበሮውን እየደለቁ በሰገነቱ መካከል ያለውን ጉልላት ይዞሩ ጀመር። ቀበቶውን ግን ያሰበው የለም። እጃቸው ከአራት ዓመት ልማዱ የተነሣ መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ቆልፎት ነበርና፣ በሁለተኛው ዙር ሱሪው ቁልቁል ጉዞ ጀመረ። ከበሮውን ቢለቁ ምቱ ይቆማል፤ ባይለቁ በዚያ ሁሉ ምእመን ፊት ጉድ ይፈላል።

አወቀ ከኋላ ነበረ፤ አየም። ዝም ብሎ ቢያይ አቶ ውበቱ ከበሮውን ይለቁ፣ ከበሮውም ዳግመኛ የእርሱ ይሆን ነበር። እርሱ ግን በነጠላው ከልሎ፣ ሁለት እጁን ሰድዶ፣ ሱሪውን ከነቀበቶው ጨብጦ አብሮ አሸበሸበ። ከኋላቸው ያሉት ወጣቶች አዲስ ሥርዓት መስሏቸው ወገብ ለወገብ ተያያዙ፤ መሪጌታም ግራ ቢገባቸው ዜማውን ቀጠሉ። እንዲሁ ሆነው ጉልላቱን ዞሩት።

ዙሩም በተፈጸመ ጊዜ አቶ ውበቱ ሱሪያቸውን በአንድ እጅ ይዘው የመጀመሪያ አዋጃቸውን ነገሩ፦ «ስሙ! ፋሲካ የእኔ ነው፤ ጥር ማርያም ግን ከእንግዲህ የአወቀ ነው!» አወቀም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንቱ ተባለ።

ሰላም ለእግሮቻቸው፣ የታልፒዮትን መንገድ ለፈጁ። ሰላም ለልቅናሽ፣ ሐላዋን ከደጅ ለመለሱ። ሰላም ለከርሣቸው፣ ሲያልፍም ግርማውን ላልተወ። ከሁሉ ይልቅ ሰላም ለአቶ አወቀ እጆች፣ የተመኙትን ከበሮ ትተው የወንድማቸውን ሱሪ ለያዙ።