የክቡር ይቆረቁረኛል ኮርቻ

ብስክሌት የሚጠገንበት ደጃፍ ሁሉ፣ በዚህ ዓለም የተሠራ ኮርቻ በሙሉ የማይስማማው አንድ ደንበኛ አለው። በመንገዱ ማዕዘን ላይ ላለው ብስክሌት ጠጋኝ የደረሱት ደግሞ ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ ያወጣችላቸው ማዕረግ ይበቃል፦ ክቡር ይቆረቁረኛል።

ክቡርነታቸው ኮርቻ ሲመርጡ አይቸኩሉም። መጀመሪያ በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። ያሸቱታል። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ሜትር፣ ከቦርሳቸው ውሃ ልክ ያወጣሉ። ኮርቻው ከተገጠመ በኋላ ውሃ ልኩን እላዩ ላይ ያጋድሙና አረፋዋ መሃል እስክትገባ ድረስ ጠጋኙን ብሎን ሲያስፈቱና ሲያስጠብቁ ይቆያሉ። "ትንሽ ወደ ታች። በዛ! አሁን ወደ ላይ።" በመጨረሻ ረጅም ካፖርታቸውን ከኋላ ዘርግተው በክብር ይፈናጠጡና እስከ ድልድዩ ደርሰው ይመለሳሉ። ጠጋኙ ፊታቸውን ገና ከሩቅ እንዳየ መፍቻውን ያነሳል።

"እህ፣ ጋሼ?"

"ይቆረቁረኛል።"

በሦስት ዓመት ውስጥ አስራ አንድ ኮርቻ መልሰዋል፤ ከሦስት አራት ወር በላይ የቆየላቸው የለም። የእያንዳንዱ ጠባይ በደብተራቸው ሰፍሯል። "ቁጥር አራት፦ ጠባብ፣ ክፉ። ቁጥር ሰባት፦ እስከ ድልድዩ ታማኝ፣ ከድልድዩ ወዲያ ከዳተኛ።" ቁጥር ስምንት ስፖንጁ ወፍራም ስለነበር "ያባብላል እንጂ አይሸከምም" ተብሎ ተሰናበተ። ቁጥር ዘጠኝን ከመግጠማቸው በፊት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እላዩ ላይ ጉብ ብለው ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር አነበቡበት። በሯ ላይ ጨርቅ ስትቆርጥ የነበረችው ልብስ ሰፊ አላስቻላትም።

"ጋሼ፣ ለምን አልጋ ገዝተው ጎማ አያስገጥሙለትም?"

"አልጋም አለኝ" አሉ ከጋዜጣው ቀና ሳይሉ። "ሰፋብኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች። ጠጋኙ ግን አልሳቀም። የክቡርነታቸው ባለቤት፣ ልጃቸው ስትወልድ ሊያግዙ "ለሁለት ወር" ብለው ሩቅ ከተማ ከሄዱ ሦስት ዓመት እንዳለፈ ያውቃል። ከመጀመሪያው የልጅ ልጅ ሁለተኛው ተከተለ፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛው ጥርስ እያበቀለ ነው። በስልክ የሚመጣው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በሚቀጥለው ወር።

"ከመምጣቷ በፊት መስተካከል አለበት" ይላሉ ክቡርነታቸው። "ከመናኸሪያ የማመጣት በዚህ ነው። ያ ዳገት ደግሞ ቀልድ አይደለም።"

ጠጋኙ የሚያውቀው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ የበለጠ ሰፊ ኮርቻ። ቁጥር አስራ ሁለት የትራክተር መቀመጫ አክሎ ነበር። እሱም ቆረቆረ፤ ግን ምትክ እስኪገኝ ብስክሌቱ ላይ ቀረ።

አንድ ረፋድ ላይ የተመለሱትን አስራ አንድ ኮርቻዎች ሊያጸዳ ከግድግዳው ሥር ደረደራቸውና ባየው ነገር ደነገጠ። ሁሉም የተላጡት ከፊት፣ ሹል አፍንጫቸው ላይ ነው። ኋላቸው ከሱቅ እንደወጣ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያሰፋ የኖረው ሰውዬው የማይቀመጡበትን በኩል ነበር፤ ጉዱን የሸፈነው ያ ካፖርት ነው።

ክቡርነታቸው ከሰዓት ሲመጡ ጠበቃቸው።

"ጋሼ፣ ለምንድን ነው ወደ ኋላ የማይቀመጡት?"

ጥያቄው ገረማቸው። "እሷስ ምን ትያዝ?"

ባለቤታቸው ሠላሳ ዓመት ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ሲሳፈሩ የሚይዙት የኮርቻውን ጠርዝ ነበር። ሰው ፊት ወገብ ማቀፍ ያሳፍራቸዋል። ክቡርነታቸው ለባለቤታቸው ጣቶች ቦታ ሊለቁ ወደ ፊት ፈቀቅ ማለት ለመዱ፤ ጣቶቹ ከሄዱ በኋላም ፈቀቅ እንዳሉ ቀሩ።

"አሁን እኮ ከኋላዎ ማንም የለም" የሚለው ቃል ጠጋኙ ምላስ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ዞር ብሎ ከቁርጥራጭ ሳጥኑ የአሮጌ ብስክሌት መሪ አወጣ። ቆረጠው፤ አጎበጠው፤ እንደ በር እጀታ አድርጎ ከኮርቻው ኋላ በብሎን አሰረው።

"ይኸው። እሳቸው ይህን ይይዛሉ፤ እርስዎ እንደ ልብዎ ይቀመጡ።"

ክቡርነታቸው እጀታውን ነቀነቁት፣ ለኩት፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተደላድለው ተቀመጡ። ድልድዩን ተሻገሩ። አልተመለሱም።

"ተገላገልኩ!" አለ ጠጋኙ በመጀመሪያው ሳምንት። በሁለተኛው ጎማ እየለጠፈ ወደ ድልድዩ አንገቱን ያሰግግ ጀመር። አንድ ቀን አግዳሚውን ያለ ምክንያት ጠረገው።

"ምነው፣ አንተንም ቆረቆረህ እንዴ?" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ዝም ብለሽ ስፊ።"

በሦስተኛው ሳምንት ከድልድዩ በኩል ካፖርቱ ብቅ አለ። ጠጋኙ መፍቻውን አነሳ።

"እህ፣ ጋሼ? ኮርቻው?"

"ኮርቻው ደህና ነው።"

ጠጋኙ ደስ ሊለው ሲገባ ሌላ ጉድለት ፍለጋ ብስክሌቱን ከጎማ እስከ መሪ ቃኘው። መፍቻውን ሊያስቀምጥ ሲል ክቡርነታቸው ከብስክሌቱ ወርደው እጀታውን በመዳፋቸው ጨበጥ አደረጉ።

"ይሄ ግን ብረት ነው። ጠዋት ጠዋት ይቀዘቅዛል። በሚቀጥለው ወር ትመጣለች፤ ለእጇ ይቆረቁራል።"

"ቆዳ እናለብሰዋለን!" አለ ጠጋኙ ከወትሮው ድምፁን ከፍ አድርጎ። አስራ አንዱን ኮርቻዎች አንድ በአንድ እያነሳ አግዳሚው ላይ ደረደራቸው፤ ጫፉ ላይ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ተወ። "ይቀመጡ፣ ጋሼ። ቆዳው የሚለሰልሰውን እንመርጣለን። አንቸኩልም።"