ሃምሳ ወንበር ሙሉ

(ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ፣ የአብዱልሀፊዝ የብርድ ልብስ መጋዘን፣ እሁድ ከሰዓት። ኮሮና ሰዉን ሁሉ ማስክ ያስደረገበት፣ ከሃምሳ ሰው በላይ መሰብሰብ የተከለከለበት ጊዜ ነው። ኮንሰርቱ አሁን አለቀ። ለገሠ ሎክዳውን የጫማ ሱቁን ካዘጋበት ወዲህ ራሱን የክላሲካል ሙዚቃ አስተዋዋቂ አድርጎ ሾሟል፤ ማንም ያልሾመውን ደግሞ ማንም ሊሽረው አይችልም። የሚያስተዋውቀው ታንዴካን ነው። ግድግዳ የምትጋራው ጎረቤቱ ናት፤ ቼሎ ትጫወታለች፣ ያንን ሰው የሚያክለውን ቫዮሊን። ወንበር የሚያነሳሳው አምላኩ ቴምቢሳ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ አለው። ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል፤ ባዩ ለገሠ ነው።)

ለገሠ፦ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ንፍሮ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?

አምላኩ፦ በለጥሽ ናት ያመጣችው።

ለገሠ፦ ማን አመጣው አላልኩህም። ክላሲካል ኮንሰርት ላይ ንፍሮ ሲታደል የት አይተሃል?

አምላኩ፦ ክላሲካል ኮንሰርቱን ራሱን የት አይቼ።

ለገሠ፦ ችግርህ እሱ ነው። በሠለጠነው ዓለም በእረፍት ሰዓት የሚቀርብ ትንንሽ ምግብ አለ፣ በስንጥር እየተወጋ የሚበላ።

አምላኩ፦ ታዲያ ባቄላውን እንውጋው ነበር?

ለገሠ፦ ተወው፣ ዛሬ ደስታዬን አታበላሽብኝ። ሴትዮዋን አየሃቸው? ከኮንሰርት አዳራሹ የመጡትን?

አምላኩ፦ ሲያለቅሱ አየኋቸው።

ለገሠ፦ ባለፈው ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? "ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ግን ለጥቁር የቼሎ ተጫዋች አዲስ አድማጭ ከየት ይመጣል? ቤት ሙሉ ሰው ካሳየኸኝ የዓመቱ ፕሮግራም ውስጥ አስገባታለሁ" አሉኝ። ባይሆን ኖሮ ታንዴካ ቼሎዋን ሸጣ ኦሬንጅ ፋርም እናቷ ቤት ልትመለስ ነበር። ዛሬ አስገቧት። በምን ገባች?

አምላኩ፦ በቼሎዋ።

ለገሠ፦ በአድማጩ ነዋ። ባለፈው ኮንሰርት ያዳመጣት ዘበኛው ብቻ ነበር፣ እሱም በሩን መዝጋት ስላለበት። አድማጩን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። አለባበሳቸውን አላየህም? ከላይ እስከ ታች ጥቁር።

አምላኩ፦ ጥቁር ነው የሚለበሰው።

ለገሠ፦ ሴቶቹማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንዴት እንዳማረባቸው። በለጥሽ ደግሞ ደረቷን እየደቃች ምቱን ትጠብቃለች። አንድም አላመለጣት።

አምላኩ፦ እሷ ድሮም ትችልበታለች።

ለገሠ፦ በሙዚቃው ክፍልና ክፍል መሃል አይጨበጨብም ብዬ አስተምሬ ነበር። ማንም አላጨበጨበም።

አምላኩ፦ ሲያልቅስ?

ለገሠ፦ (ይህን አላሰበበትም፤ ለገሠ ግን ያላሰበበትን ነው አጥርቶ የሚናገረው።) ሲያልቅማ ከስሜት ብዛት ነው። ጃፓንም እንዲሁ ነው።

አምላኩ፦ ጃፓን ሄደህ ነበር እንዴ?

ለገሠ፦ አልሄድኩም፣ ግን እንዲሁ ነው። እኔን ራሴን እንዴት እንዳከበሩኝ ብታይ። በር ላይ ሙቀት ስለካቸው አንድ በአንድ "እግዚአብሔር ያፅናህ" ይሉኛል። እኔም "አሜን፣ ገና ብዙ ይቀረናል" እላቸዋለሁ።

አምላኩ፦ እንደዚያ አልካቸው?

ለገሠ፦ ምን ልበል ታዲያ? ሴትዮዋን የሚያሳስባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሰዉ ተመልሶ ይመጣል ወይ የሚለው።

አምላኩ፦ ይመጣል እንጂ። ማክሰኞ ሰልስቱ ነው።

ለገሠ፦ የምን ሰልስት?

አምላኩ፦ የሟቹ።

ለገሠ፦ (የያዘውን ወንበር ቀስ ብሎ አስቀመጠ።) የቱ ሟች?

አምላኩ፦ ወንበር ሙላ አልከኝ፣ ለአገር ልጆች ደወልኩ። ኮንሰርት አለ ስላቸው ሱፊያን "ስፓዛዬን ማን ሊጠብቅልኝ?" አለ፣ ፀገነት ታክሲው ይርቀኛል አለች። ለቅሶ ነው ስላቸው ሁሉም ሱቁን ዘግቶ መጣ።

ለገሠ፦ ማን ሞተ ብለህ?

አምላኩ፦ መጀመሪያ "አንድ ሰው" ብዬ ነበር። ለአንድ ሰው ሱቅ አይዘጋም፣ ስም ጥራ አሉኝ። ጨነቀኝ። አንተ ደግሞ አጠገቤ ቆመህ ስለ ቼሎ አሠራር ታስረዳኛለህ።

ለገሠ፦ እኔን ገደልከኝ?

አምላኩ፦ በስኳር። በኮሮና ብል ፈርተው ይቀሩብናል።

ለገሠ፦ እኔ እኮ ስኳር የለብኝም።

አምላኩ፦ ከእንግዲህ ምን ያደርግልሃል።

ለገሠ፦ በር ላይ ቆሜ እያዩኝ?

አምላኩ፦ ማስክ አድርገሃል። ወንድሙ ነው፣ ቁርጥ እሱን ነው አልኳቸው።

(ለገሠ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣበት። ይህ ሁሉ ሰው ስሙን ሰምቶ ሱቁን ዘጋ ማለት ነው። ነውር ቢሆንም ደስ አለው።)

ለገሠ፦ በጣም አለቀሱ፣ አይደል?

አምላኩ፦ በጣም።

ለገሠ፦ እንዲህ እንደሚወዱኝ አላውቅም ነበር። ለሴትዮዋ ግን እውነቱን መንገር አለብኝ። እንባው የሙዚቃው አይደለም፣ የእኔ ነው። ታንዴካን በእኔ ለቅሶ ማስገባት ማታለል ነው። ልብ ይሰብራል፣ ግን ምን ይደረግ።

አምላኩ፦ እንዳትነግራቸው። ላንተ አላለቀሱም።

ለገሠ፦ ታዲያ ለማን?

አምላኩ፦ ገና በር ላይ አውቀውሃል። ወሬህን ማስክ ይደብቀዋል? በለጥሽ ገብታ "ሟቹ ሙቀቴን ለካኝ" አለችኝ። ተናደው ሊወጡ ብድግ አሉ። ያን ጊዜ ልጅቷ መጫወት ጀመረች። የተነሳው ሁሉ መልሶ ተቀመጠ።

ለገሠ፦ ከዚያስ?

አምላኩ፦ የበለጥሽ እናት አገር ቤት የሞቱት በሎክዳውኑ ነው። በረራ የለ፣ አልቀበረች፣ ሰው ተሰብስቦ አላስተዛዘናት። ሱፊያንም ወንድሙን እንዲሁ በስልክ ነው የተረዳው። ሁሉም የታፈነ ነገር ነበረበት፤ ያ ትልቅ ቫዮሊን ሲያንጎራጉር ወጣላቸው። እኔ ሙዚቃ አላውቅም ለገሠ። ግን አባቴን አሰብኩና አለቀስኩ።

(ለገሠ ያስቀመጠውን ወንበር መልሶ አነሳ።)

ለገሠ፦ እና ማክሰኞ በእውነት ይመጣሉ?

አምላኩ፦ ይመጣሉ። ልጅቷን አምጣልን ብለዋል። አብዱልሀፊዝም መጋዘኑን ፈቅዷል።

ለገሠ፦ ማንም ሳይሞት?

አምላኩ፦ ለእሷ ነው የሚመጡት አልኩህ እኮ።

ለገሠ፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እኔስ? አልተቀየሙኝም?

አምላኩ፦ በመዋሸታችን አልተቀየሙም። በየመሃሉ እየተነሳህ ስታብራራ ነው የከፋቸው። አንድ ነገር ብቻ ለምነዋል።

ለገሠ፦ ምን?

አምላኩ፦ ማክሰኞ ሟቹ እንደ ሟች ዝም ይበል አሉ።